ለአክስቴ ያልነገርናት የደም ቁጥር

የላብራቶሪ ማሽን አይዋሽም ይላሉ። ይዋሻል። ሲዋሽ ደግሞ እንደ ሰው አይንተባተብም፣ ዓይኑን አይሰብርም፤ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በተስተካከለ ረድፍ፣ ከጎኑ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ጨምሮ ያትመዋል። ሰው የነገረንን ክፉ ወሬ ሦስት ጊዜ እናጣራለን፤ «ማን ነገረህ? የት ሰማህ?» እንላለን። ማሽን የነገረንን ግን በሁለት እጃችን ተቀብለን፣ አራት ቦታ አጥፈን፣ ደረት ኪሳችን ከትተን ማልቀስ እንጀምራለን።

ይህን የምለው ከላብራቶሪ የጎረቤት ምክር ይሻላል ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። ከእነሱም ጋር ተጣልቻለሁ። የምናገረው ያየሁትን ነው፤ ያየሁትም በአክስቴ ደም ነው።

አክስቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ሴት ናት። ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ፣ ሱቁን ለልጇ አስረክባ፣ አስረከብኩ ካለች በኋላም በየቀኑ እየሄደች የልጇን አለካክ ታርማለች። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴዎች የኮምቦልቻ ሙቀት አእምሮ ያቀልጣል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ብርዱ ደሴዎችን ምን እንዳደረጋቸው ስላየሁ እዚያው ታች ቀርቻለሁ። ሥራዬ ማንበብና መጻፍ ነው። አክስቴ ሥራዬን ለጠየቃት ሰው «ቤት ውስጥ ነው የሚውለው» ብላ ታልፈዋለች።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ሰርግ እንደተመለሰች የቀኝ ጎኗን ያዛት። የሰርጉ ወጥ ቅቤ በዝቶበት ነበር አለች። ሕመሙ ሄዶ ሲመለስ፣ ደሴ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ወሰድናትና በአልትራሳውንድ ታየች፤ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ ሐኪም «በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ አያስፈራም» አለና ከዚያ በፊት የደም ምርመራ አዘዘ።

ሲቢሲ የሚባለው ይህ ምርመራ ተራ ነገር ነው። ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳና ማሽኑ ሦስት ነገር ይቆጥራል። አንደኛው ቀዩ ሴል ነው፤ ካነሰ ደም ማነስ ይባላል። ሁለተኛው ነጩ ነው፤ ከበዛ ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር እየተዋጋ ነው፣ ወይም የባሰ ነገር አለ። ሦስተኛው ፕላትሌት የሚባለው ደቃቅ ነገር ነው፤ ስንቆረጥ ተሰብስቦ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። እሱ ካነሰ የተቀደደ ሁሉ መድማቱን አያቆምም። ከዚህ አንድ ገጽ ሐኪም ብዙ ያነባል። እኔም አነባለሁ፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ውጤቱ በደረሰ ቀን ሐኪሙ አክስቴን ውጪ አስቀምጦ እኔን ጠራኝ።

«ልጃቸው ነህ?»

«ያው ነኝ።»

«ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። እናንተ እንደምትሆኑ ሁኑ።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ፕላትሌታቸው ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ መሆን ነበረበት። አስራ ዘጠኝ ሺህ ነው። በዚህ ቁጥር እኔ ቢላ አላነሳም።»

«ስህተት ቢሆንስ?»

«እናስደግመዋለን።»

በሦስተኛው ቀን በዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው ዓይነት ብልቃጥ፣ በዚያው ማሽን አስደገምነው። አስራ ስምንት ሺህ መጣ። ያን ቀን የተማርኩት ነገር አለ፤ ግን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፦ አንድን ስህተት በአንድ ዓይነት መንገድ ሁለት ጊዜ መሥራት ማጣራት አይባልም። በዚያ ሰዓት ግን ሁለተኛው ወረቀት እንደ ሁለተኛ ምስክር ሆነብኝ።

«ምን ሊሆን ይችላል?» አልኩት።

«ብዙ ነገር። መቅኔያቸው መታየት አለበት፤ አዲስ አበባ እጽፍላችኋለሁ።»

«ካንሰር ነው?»

«እኔ አላልኩም።»

በእኛ አገር ሐኪም «እኔ አላልኩም» ካለ፣ ብሏል ማለት ነው። ወጣሁ። አክስቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ከጎኗ ላለች ሴት የሸራ ዋጋ ታስረዳ ነበር።

«ኸይር ነው? ምን አለ?»

«ትንሽ ደም ማነስ ነው፣ እትዬ። እሱ እስኪስተካከል ኦፕራሲዮኑ ይቆይ አለ።»

«ደም ማነስ? እኔ?» ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ይስሙ እንግዲህ! ይሄ ፊት ደም ያነሰው ይመስላል?»

አይመስልም ነበር። የእሷ ፊት ከእኔ ይቀላ ነበር። እኔ ግን ያን ሰሞን ሌት ተቀን ስለ ደም ካንሰር ሳነብ ከርሜ፣ ቅላቱንም ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ብዙ ያነበበ ሰው የሚፈራውን ነገር አያጣም።

በማግስቱ ፒያሳ ሱቁ ውስጥ፣ ከተጠቀለሉት ጨርቆች ጀርባ ሦስት ሆነን ተሰበሰብን፦ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እና የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ ደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት እያመረተ የሚኖር አጎታችን። ወረቀቱን መሐል አድርገን ተንሾካሸክን።

«ካወቀች በድንጋጤ ነው የምትሞት» አለ አጎቴ።

«እማ ለድንጋጤ አትመችም» አለች ልጇ እያለቀሰች። «ግን ማን አባቱ ይነግራታል? አንተ ትነግራታለህ?»

«እኔ ምን በወጣኝ!» አልኩ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ማወቅ አለበት እያልኩ ስንት ገጽ ያጨማለቅሁ ሰው፣ ያን ቀን ከጨርቅ ጥቅል ጀርባ ተደብቄ «አይነገራት» ለሚለው እጄን አወጣሁ። የወሎ ሰው ከእንግዳ የሚደብቀው ምግብ የለውም፤ ከበሽተኛ ግን በሽታውን ይደብቃል። መርዶን ሰው ሰብስበን፣ ቀን መርጠን፣ በወጉ የምንነግር ሕዝብ ስለሆንን፣ ውጤትንም እንደ መርዶ ያዝነው። ልዩነቱ መርዶ መጨረሻ ላይ ለባለቤቱ ይነገራል።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሦስታችንም እናውቃለን። ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ግን በሽተኛውን ለመውቀስ ነው። ቤተሰብ ሲሸሽግ ምን እንደሚባል አልተተረተም።

አዲስ አበባ ለመውሰድ ሰበብ ፈጠርን፤ «የዘመድ ልጅ ኒካህ አለ፣ በዚያው ትታያለሽ» ልንላት። እስከዚያ ግን ደም ማነስ ብለናታልና ደም ማነሷን ማከም ግድ ሆነ። ልጇ ጠዋት ጠዋት ቀይ ሥር ጨምቃ ትሰጣታለች። ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል፤ የከተማው ሊቃውንት የሚስማሙበት ነጥብ ነው። አጎቴ የሐሞት ጠጠር ላለባት እህቱ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ ከተፍ አለ። ጎረቤት ምስር ላከ፤ ማር መጣ፤ ሁለት ዶሮ መጣ።

በሳምንቱ ልጇ ደወለችልኝ። ድምጿ ተቆራርጧል።

«ደም መሽናት ጀመረች። አለቀ፣ እማን አጣኋት!»

እኔም አልተረጋጋሁም። ፕላትሌት ሲያንስ ኩላሊት ሊደማ እንደሚችል አንብቤ ነበርና አየህ አልኩ ለራሴ፣ ያልከው ደረሰ። ሚኒባስ ተሳፍሬ ያንን ጠመዝማዛ አቀበት ስወጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲሳሳቁ ሰማሁና ጠላኋቸው። ደሴ ስደርስ አክስቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ልጇን ትገስጻለች።

«ሁለት ሊትር ቀይ ሥር አጠጥታኝ ሽንቴ ቀላ ብላ ታለቅሳለች! ጎመን ብታበይኝ አረንጓዴ ሆነ ብለሽ ቀብር ልታስቆፍሪ ነው?»

ልጇ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ መሬት አየሁ። ያነበብኩት ሁሉ መሐል ቀይ ሥር የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚያው ቀን የሆነ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። አክስቴ ልጇ የቆረጠችው ጨርቅ ጠመመ ብላ መቀሱን ነጠቀቻትና ስትስበው የራሷን አመልካች ጣት ቀደደባት። ደም ወጣ። እሷ «ውይ» እንኳ ሳትል በቁራጭ ጨርቅ ጠቅለል አድርጋ ያዘችው፤ ደንበኛ መጣ፤ ሦስት ሜትር ለካች፤ ጨርቁን ስትፈታው ደሙ ቆሞ ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ ዕንባ ያዘኝ። አስራ ስምንት ሺህ ፕላትሌት አለው የተባለ ሰው ጣቱ ሲቀደድ በሦስት ሜትር ጨርቅ ልኬት ውስጥ እንደማይቆምለት በዚያ ሳምንት አንብቤያለሁ። ዓይኔ ሥር መልሱ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አምኜ ጣቷን አላመንኩም።

አዲስ አበባ ልንሄድ አራት ቀን ሲቀረን፣ አክስቴ ሳትደውል ኮምቦልቻ ቤቴ መጣች። ብቻዋን። ረፋድ ላይ ነበር፤ በር ከፍቼ ሳያት አንድ ትልቅ ፌስታል ይዛለች። ገብታ ተቀመጠች። ሙቀቱን አልተሳደበችም፤ ያኔ ነው ነገሩ እንደከፋ የገባኝ።

ከፌስታሉ የባሏን ጋቢ አወጣች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ሲሞት ለማንም አልሰጥም ብላ ሣጥን ውስጥ የቆለፈችበት ጋቢ ነው።

«ይሄ ላንተ ነው» አለች። «የወርቅ ጉትቻዬን ለልጄ፣ ራዲዮኔን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። ጎረቤቶቼንም በየቤታቸው ዞሬ ይቅር በሉኝ ብያለሁ። አንተ ቀርተህ ነበር። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

«ለምኑ ነው አፉ የምልሽ?»

«የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሳለህ የጠፋብህ መጽሐፍ ነበር አይደል? ተውሰህ ያመጣኸው፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። እኔ ነኝ እሳት ያነደድኩበት። ክብሪት ይዞልኝ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ... ደግሞ ቀን ሙሉ እሱ ላይ ተደፍተህ ውሃ ቅዳ ብልህ እንቢ ብለኸኝ ነበር።»

አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ያን መጽሐፍ የጣለችው ልጇ ናት ብዬ፣ የአሻንጉሊቷን ፀጉር ላጭቼባት፣ ለእሱም ተገርፌያለሁ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ ሳትቆጣኝ ሁለት ሳምንት ሆናት። ወንድሜ ቅቤ ይዞ መጣ፤ ያ ቋጣሪ ቅቤ ይዞ መጣ! አንተ በየቀኑ ትደውላለህ። እኔ ስንቱን በሽተኛ አስታምሜ ቀብሬያለሁ፤ የሚሞት ሰው እንዴት እንደሚያዝ ይጠፋኛል? አዲስ አበባ ኒካህ አለ ትሉኛላችሁ፤ የማን ኒካህ? ከዚያ ወገን ያላገባ ልጅ የለ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነዋ።»

ይሄን ስትል የያዘኝ ሁሉ ለቀቀኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኛ ከእሷ ተደብቀን ስናለቅስ፣ እሷ ደግሞ ከእኛ ተደብቃ በየደጁ እየዞረች ብቻዋን ሞቷን ስታሰናዳ ኖራለች። ተነሣሁ። የጠረጴዛዬን መሳቢያ ከፍቼ ሁለቱን ወረቀቶች አወጣሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ።

«ደም ማነስ አይደለም» አልኩ። «ዋሽተንሻል። አፉ በይን ማለት ያለብን እኛ ነን።»

መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን እንደ ጨርቅ ከብርሃኑ በኩል ይዛ አየችው። «የትኛው ነው የወረደው?»

በጣቴ አሳየኋት።

«ይሄ ምን ይባላል?»

«ፕላትሌት።»

«ያ... ቀዳዳ የሚደፍነው?»

እንዴት አወቀች ብዬ ሳልጨርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጥላ በመዳፏ መታችው። «ወላሂ እናንተ ልጆች! ይሄማ የብልቃጡ ነገር ነው!»

ደነገጥኩ፤ አእምሮዋን ነካት አልኩ። እሷ ግን ከጉያዋ በጨርቅ የታሰረች ትንሽ ቦርሳ አወጣች። ከመታወቂያዋ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት ነበር። ሰጠችኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የእኚህ ታካሚ ደም ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ብልቃጥ ሲቀዳ ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ማሽኑም በስህተት አነሰ ይላል። ሰማያዊ ክዳን ባለው ቅዱ። በማይክሮስኮፕ ሳታዩ አትመኑ።»

ከብዙ ዓመት በፊት ታይፎይድ ይዟት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ልጇም ለትምህርት ርቃ ነበር። ያኔም ፕላትሌትሽ አነሰ ተብላ ሲሯሯጡ፣ አንድ ፀጉሩ የሸበተ የላብራቶሪ ሰው ደሟን በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ አየና ሳቀ። ይህን ወረቀት ጽፎ ሰጣት። «የትም ብትሄጂ ፕላትሌትሽ አነሰ ካሉሽ ይሄን አውጪ» አላት።

«ታዲያ ለምን አላወጣሽም?» ብዬ ጮህኩ። «ሦስቴ ክሊኒክ ስንመላለስ ጉያሽ ውስጥ ነበር!»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች።

«ደም ማነስ ነው አላችሁኝ» አለች በእርጋታ። «ለደም ማነስ አውጪ አላለኝም።»

በዚያው ሰዓት ተነሥተን እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ላብራቶሪ በባጃጅ ሄድን። የላብራቶሪዋ ባለሙያ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ነጭ ጋዋኗ ላይ እስክሪብቶ የፈሰሰባት ሴት ናት። በመጀመሪያ ወረቀቱን በጥርጣሬ ተቀበለችን።

«ደግሞ ከየት ያመጣችሁት ነው? እዚህ ታካሚ ነው ወይስ ሐኪም ነው የሚያዝ?»

«ታካሚ ነው የሚለምን፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። «ሽማግሌ ሲጽፍ ደግሞ ይነበባል።»

አነበበች። ሁለተኛ አነበበች። ፊቷ ተለወጠ። «እማማ፣ ይሄን የመሰለ ወረቀት ይዘው ነው የሚዞሩት?» አለችና ሁለት ብልቃጥ አመጣች፤ አንዱ ወይን ጠጅ ክዳን፣ አንዱ ሰማያዊ። ሁለቱም ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒቱ ግን የተለያየ ነው። ከአንድ ክንድ፣ በአንድ መርፌ ሁለቱንም ሞላች።

የወይን ጠጁ ቀድሞ ገባ። አስራ ሰባት ሺህ። የማውቀው ፍርሃት ተመለሰ። አክስቴን አየኋት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የዓይን መመርመሪያ ፊደል አንድ ዓይኗን ሸፍና ታነባለች።

ሴትየዋ ከዚያው ደም ጠብታ ወስዳ መስታወት ላይ ቀባች፣ ቀለም ውስጥ ነከረችው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። የማስተካከያ መዘውሩን ወዲህ ወዲያ አዞረች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ኑ፣ እዩ።»

ገባሁና አየሁ። ገርጣ ያሉ ክብ ቀይ ሴሎች ሜዳውን ሞልተውታል፤ በመካከላቸው ግን እዚህም እዚያም ሐምራዊ ደቃቅ ነገሮች ቀፎ በር ላይ እንደሰፈሩ ንቦች ተጣብቀው ተከምረዋል።

«ማሽኑ አንድ በአንድ የሚመጡትን ነው የሚቆጥር» አለች። «ተቃቅፈው ሲመጡ አያውቃቸውም፤ ሌላ ነገር ይመስሉታል። የሚጣበቁት ብልቃጡ ውስጥ ካለው መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ብቻ ነው። እማማ ሰውነት ውስጥ ግን ደህና ናቸው፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። በሽታም አይደለም። ጥቂት ሰው ላይ ይገጥማል።»

«አሳዩኝ እኔንም፤ የኔ አይደሉ?» ብላ አክስቴ ገፋችኝ። አጎንብሳ ብዙ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያ ሱቅ ውስጥ ጠማማ ጨርቅ ስታገኝ የሚመጣው ፈገግታ ነበር።

«እናንተን ይመስላሉ» አለችኝ። «ጥግ ይዘው ሲንሾካሸኩ።»

ሰማያዊው ብልቃጥ ገባ። ማሽኑ አጓራ፣ ወረቀቱን ተፋ። ባለሙያዋ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደሙን ስለሚያቀጥነው፣ ቁጥሩ ላይ አንድ አሥረኛ ጨምራ በእስክሪብቶ ጻፈችው፦ ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ። ከጎኑ ቀስት የለም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም። ቀስት የሌለው ቁጥር እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር።

«አልሃምዱሊላህ» አለች አክስቴ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «አብሽር እንጂ» አለችኝ ትከሻዬን እየመታች፤ «የምትሞተው አንተ ነህ እንዴ?»

ባለሙያዋ የወረቀቱን ፎቶ በስልኳ አነሣች። ላብራቶሪው በር ላይ ስንደርስ ጠራችንና «ይህን የጻፈው ሰው ካለ እጁን ሳሙልኝ» አለች። የት እንዳለ፣ ይኑር አይኑር አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ደሴ ወጣን። ከቀናት በፊት በዚያው አቀበት ሁለት ሳቂታ ሴቶችን የጠላሁ ሰው፣ አሁን ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ያሉትን ሁሉ መሳም አማረኝ። አክስቴ ለመላው ተሳፋሪ ስለ ሰማያዊው ክዳን አስረዳች። ግማሹን ተሳስታለች፤ አላረምኳትም። ላይኛው መታጠፊያ ላይ ጭጋጉ ሲቀበለን መስኮቱን ዘግታ ጋቢውን ከፌስታሉ አወጣችና ራሷ ላይ ደረበችው።

«የኔ አልነበረም?» አልኳት።

«እየሞትኩ ሳለ ነዋ ያንተ የነበረ።»

በዚያው ሳምንት ጉትቻውን ከልጇ፣ ራዲዮኑን ከአጎቴ አስመለሰች። አጎቴ ባትሪ ቀይሬበታለሁ ብሎ ተከራከረ፤ ባትሪውን አውጥታ ሰጠችው። አፉታውን ግን ማንም አልመለሰላትም፤ እኔም መጽሐፌን ይቅር ብያለሁ። ማለቴ፣ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው እንደገና ያናድደኛል።

ወጣቱ ሐኪም የድሮውንና የኮምቦልቻውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። «በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ማዘዝ ነበረብኝ» አለ፤ ይህን ያህል ማለት የሚችል ሐኪም ብዙ ስላላየሁ ወደድኩት። አክስቴ ግን እንዲሁ አልለቀቀችውም።

«አንተ ልጅ፣ ደሙ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ ለምን ለእሱ ነገርክ? እኔ ውጪ ስለ ሸራ ሳወራ ተቀምጬ ነበር እኮ። አንድ ቃል ብትለኝ በዚያችው ደቂቃ ይሄን ከጉያዬ አወጣልህ ነበር።»

ሐኪሙ የሽማግሌውን ወረቀት ተቀብሎ ካርዷ ላይ ገለበጠው። ጠጠሩ በቀጠሮው ወጣ፤ እንደ ጣቷ ሁሉ የኦፕራሲዮኑ ቁስልም በወጉ ደረቀ። ጠጠሮቹን በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጣ ለሚጠይቃት ሁሉ ታሳያለች።

አጎቴ ግን እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። «እሺ፣ እውነት ካንሰር ቢሆን ኖሮስ?» ይለኛል። «ያኔ መደበቃችን ልክ አልነበረም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ወረቀት እውነቱን ነው የሚናገር፤ የአክስቴ ዓይነት ደም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ግን እውነት ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? እሷ እንደሆነ አውቃለች። ልዩነቱ፣ እስከ መጨረሻው እኛ ጥግ ይዘን እያለቀስን፣ እሷ በየደጁ ብቻዋን እየዞረች አፉ በሉኝ እያለች ትሞት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ ያን ቀን፦ «የትኛው ነው የወረደው?» እሱን ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት አስጠበቅናት።

ስለዚህ እናንተ፣ መሳቢያችሁ ውስጥ ወይም ስልካችሁ ላይ የሌላ ሰው ውጤት ደብቃችሁ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አሁኑኑ አስቀምጡና ሄዳችሁ ለባለቤቱ ስጡት።